አራስ ቤት የገባ ማስታወሻ

እኔና ጓደኛዬ ተመርቀን ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ፍኖተ ሰላም ላይ የኮምፒውተር ባለሙያ ቅጥር ወጣ። መጀመሪያ ስልጠና፣ ከዚያ ፈተና። ጓደኛዬ ደግሞ ቡሬ ገና መውለዷ ነው። ፈተናው ከልጇ ክርስትና በኋላ ስለሆነ ትደርሳለች፤ ስልጠናው ግን ከአራስ ቤት ሳትወጣ ያልቃል። ያለ ስልጠናው ፈተናውን ማለፍ የማይታሰብ ነው።

«ማስታወሻ ያዢልኝ» አለችኝ በስልክ።

«ይዤ መቼ ልሰጥሽ? ስጽፍ ታይዋለሽ» አልኋት። መጠበቅ አልወድም።

የምጽፈው ፊደል በፊደል ስልኳ ላይ እንዲታይ፣ እሷም እዚያው እንድትጠይቀኝ አዘጋጀሁ። የማሰልጠኛው ፋየርዎል፣ ማለት የኢንተርኔቱ ዘበኛ፣ ግን ከተራ ድረ ገጽ በቀር ምንም አያሳልፍም። ምሳዬን ትቼ ታገልሁት። በመጨረሻ ድረ ገጽ በሚያልፍበት በዚያው መንገድ አሾለክሁት። «ታየኝ!» ብላ ስትጽፍ ክፍል ውስጥ ጮህሁ።

«ምን ነካሽ?» አለ አሰልጣኙ።

«ገብቶኝ ነው» አልሁ።

በማግስቱ ከባዱ ትምህርት ሆነ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ዝም። «አለሽ?» ዝም። «ኧረ አንቺ ልጅ!» ዝም። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ስንወጣ ሮጬ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ፤ ረዳቱ «ሰው ይሙላ» ሲል ልፈነዳ ደረስሁ።

ቡሬ ስደርስ አማቷ በር ላይ ቆመዋል።

«እማማ፣ ስልኳ ምን ሆነ?»

«ጠበል ረጨሁበት።»

ለካ ጓደኛዬ ልጇን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷት፣ ስልኩ ትራሷ ላይ ክፍት ነበር።

«ፊደሉ ብቻውን ይጻፋል!» አሉኝ። «ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ‹ቤቶች!› እንኳ ሳይል አራስ ቤት የሚገባ ምንድን ነው?»

«እኔ እኮ ነኝ የምጽፈው!»

«አንቺማ ፍኖተ ሰላም ነሽ።»

ጓደኛዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ድምጿ ተሰበረ። «ስልኩ አልነሳም አለ። በቃ፣ ቀረብኝ።»

አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ የዕለቱን እየተጣደፍሁ ነገርኋት። ስነሳ የራሴን ስልክ ትራሷ ስር ሻጥሁት፤ እኔ የምጽፈው በማሰልጠኛው ኮምፒውተር ነው፣ አያስፈልገኝም። አማቷ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ትምህርት ከሆነማ ትማር። አንቺ ግን ስትገቢ ሰላምታ ስጪ፤ ማን እንደሆንሽ እንወቅ።»

ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፍቼ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብዬ ጻፍሁ።

ጓደኛዬ መለሰች፦ «እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። አንቺስ እንዴት አደርሽ? እናትሽስ?»

አሰልጣኙ ጀምሯል።

«ደኅና ናት። ልቀጥል?»

«ቆይ። አባትሽስ? ከብቱስ? ይላሉ።»

ሰሌዳው ግማሽ ሞልቷል። በአንድ ዓይኔ እሱን እያየሁ «ከብቱም ደኅና ነው» ብዬ ጻፍሁ።

«በይ አሁን ቀጥይ» አለች፣ «ልጁ ሳይነሳ!»