የጋሼ ፉከራና ከሩቅ የሚያልፈው ሳህን

ለትዳር ሲል ሳህን ስበር የተባለ ሰው ከኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ እኔ ሎስ አንጀለስ ታክሲ ድራይቭ አደርጋለሁ፣ የወደድኳት ልጅ ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ትሠራለች። አባቷ አገር ቤት ስለሆኑ እዚህ እንደ አባት የሚቆሙላት አጎቷ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራቸው ፓርኪንግ ነው፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ከከተማ ወጣ ብለው፣ ማሽን የሚወረውረውን የሸክላ ሳህን በጠመንጃ ያደባያሉ።

ሽማግሌ ልልክ ነው ብላቸው፣ «መጀመሪያ ከሩቅ በጎን አቋርጦ የሚያልፈውን አንድ ሳህን ስበር። ሳህን ያቃተው ቤት አያቆምም» አሉኝ። ጉድ እኮ ነው!

አራት እሁድ ሰማዩን ወጋሁት። «ከኋላው ነው የምትተኩሰው! ቅደመው!» ይላሉ። እቀድመዋለሁ፤ ቃታውን ስስብ ግን እጄ ቀጥ ይላል፣ ሳህኑ ሹልክ።

«አፈሙዙን ምን ታፈጥበታለህ? ፍሪዌይ ስትገባ የራስህን ኮፈን ነው የምታየው ወይስ የሚመጣውን መኪና? ዓይንህ ሳህኑ ላይ! እጅህ ከተኮስክም በኋላ ይሂድ!»

ኦኬ፣ ጭንቅላቴ ገባው። እጄ ግን ወይ ፍንክች።

በአምስተኛው እሁድ «ዛሬ ካልሰበርክ ለከርሞ» አሉ። ከርሞ! እስከዚያ ልጅቷን ማን ይጠብቅልኛል? ሁለት ሳትኩ፣ አንድ ጥይት ቀረኝ። ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ ከኋላዬ የቆሙት ጋሼ አላስቻላቸውም፤ ደማቸው ፈላና «ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!» ብለው ለኔ ፎከሩልኝ።

እዚያ ሜዳ ደግሞ ማሽኑን የያዘው ፈረንጅ ጩኸት ሲሰማ ሳህኑን ይለቃል፤ ማን ጮኸ፣ ምን አለ፣ አይጠይቅም። ሳህኑ ተፈተለከ። ለመለካትም ለመፍራትም ጊዜ አጣሁ። ዓይኔ ሳህኑ ላይ እንዳለ እጄ ሄደ፣ ተኮስኩ፣ እጄ አሁንም ይሄዳል። ሳህኑ ዱቄት ሆነ!

እልል አልኩ፤ ወንድ ልጅ፣ እልል! ጋሼ ግን ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ፉከራዬን አቋረጥክብኝ» አሉ።

«ይቅርታ ጋሼ። ሶ… ሽማግሌ ልላክ?»

«ማንን ትልካለህ?»

በዚያ ከተማ ከሳቸው ሌላ የማውቀው ትልቅ ሰው አልነበረኝም፤ አፈርኩ። ጋሼ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እንግዲያው እኔው ሽማግሌህ ሆኜ እመጣለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ‹መክረን እንነግራችኋለን› ብዬ ራሴን እመልሳለሁ። ወግ ነው!»