ፈረንጁ ስስታምና የአጎቴ በግ

ከጎሬ ይዤ የወጣሁት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ጣሊያን ሲገባ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የወታደር ማደሪያ ሆነ፤ እኔም ሥራ ፈትቼ መቱ አጎቴ ቤት ገባሁ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ መጽሐፍ ይዞ መገኘት ለጤና አይበጅም። በዳዊት ማኅደር ከትቼ ከራስጌዬ ሰቀልኩት፤ ያየ ሁሉ ጸሎተኛ ነው ይለኝ ነበር።

መጽሐፉ ቀጭን ነው። አንድ የለንደን ስስታም በገና ዋዜማ መናፍስት ይመጡበትና ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ሕይወቱን ያሳዩታል። ሲነጋ ደግ ሰው ሆኖ ይነሳል፤ ለድሃው ጸሐፊው ቤተሰብም ትልቅ ወፍ ገዝቶ ይልካል። ተማሪዎቼን ስለ ስስትና ስለ ንስሐ አስጽፋቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ንስሐ ለእኔ ተውጦልኝ አያውቅም። ሰውዬው አዘነ ወይስ ፈራ? ደግሞስ ድሆቹ በመጽሐፉ ውስጥ ከማመስገን በቀር ሥራ የላቸውም።

አጎቴ ቡና ነጋዴ ነበሩ። በጋምቤላ በኩል የነበረው ንግድ ስለተቋረጠ ቡናቸውን ይዘው ደህና ቀን ይጠብቃሉ። መጋዘኑ ሲሞላባቸው በመንገድ ዳር ያለውን ክፍል አስለቀቁ። እዚያ የምትኖረው የሟች የንግድ ባልደረባቸው ሚስት ነበረች፤ ሙስሊም ናት፣ ከትንሽ ልጇ ጋር ክርና ቅመም እየሸጠች ነበር የምትተዳደረው። በምትኩ ከጓሮ ያለችውን የማገዶ ቤት ሰጧት። ጣሪያዋ ያፈሳል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ አንዴ ከጀመረ መቆሚያ የለውም፤ ክረምቱ ሳይደርስ ልጅቷ ማሳል ጀመረች። ክረምቱን እንዴት እንደምትወጣው ያስጨንቀኝ ነበር።

ነገሩን ሳነሳባቸው፣ «ቤት የባለቤቱ ነው» ብለው ዘጉኝ። ስለዚህ በመጽሐፉ መጣሁባቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሴቶች በረንዳው ላይ ቡና ሲለቅሙ ታሪኩን በአማርኛ አወራሁላቸው፤ ከዳሪሙ ገጠር የመጣች አንዷ ደግሞ ለባልንጀሮቿ በኦሮምኛ ታቀብላለች። አጎቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ሚዛናቸውን ይወለውላሉ። ስስታሙ የራሱን ሬሳ የሚያይበት ላይ ስደርስ ዞሩ።

«የሚያለቅስለት ሰው አጣ?»

«አጣ፣ ጋሼ። የአልጋውን መጋረጃ እንኳ ነቅለው ሸጡበት።»

«ዘመድ የለውም እንዴ?»

«አለው። ቀርቦት አያውቅም እንጂ።»

አጎቴ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅም አልወለዱም። ወደ ሚዛናቸው ተመልሰው ደጋግመው ወለወሉት።

የፋሲካ ዕለት አንድ በግ ለቤት፣ አንድ በግ ደግሞ ለባልደረባቸው ሚስት ታረደ። ሁለተኛው ተገፎ፣ ብልቱ ወጥቶ፣ በትልቅ ሰፌድ በሰው ራስ ላይ በዋናው መንገድ ዞሮ ወደ ማገዶ ቤቱ ተላከ። በጓሮ በር በኩል ሁለት እርምጃ ነበር። መንገደኛው ሁሉ እንዲያይ ተፈልጎ ነው።

«ወፍ ለፈረንጅ ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «እኔ በግ ነው የላክሁት።»

ብዙም ሳይቆይ ሰፌዱ በኮባ ቅጠል እንደተሸፈነ ተመለሰ። አንድ ቁራጭ አልጎደለም። «አላህ ይስጥልኝ ብላለች» አለ ተሸካሚው።

አጎቴ ተቆጡ። «ይኸው! ደግነት ለማን ይደረጋል? ድሃ ሆና ኩራት!»

«ጋሼ፣ በክርስቲያን ቢላዋ የታረደ ነው እኮ» አልኳቸው።

ግንባራቸውን ያዙ። በአገራችን ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ሠርግ እንኳ ሲሆን አራጁም ድስቱም ለየብቻ ነው። አጎቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ለእሱ ሲሉ ሙስሊም አራጅ የሚያስጠሩት ራሳቸው ነበሩ። የዚያን ቀን የጠፋባቸው ሕጉ አልነበረም። በጉን ሲልኩ ያዩት ራሳቸውን ነው፤ ቀብራቸውንና አልቃሻቸውን። ሴትዮዋ ትዝ አላለቻቸውም። ያ የለንደን ሰውዬም እንዲሁ ይመስለኛል፤ ዕድሉ ሆኖ ወፉን የላከው ለራሱ ሃይማኖት ሰዎች ነው።

በማግስቱ በግ አስገዝተው፣ በዝናብ፣ ገመዱን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። በዚህ ጊዜ በጓሮ በር ነው። የሚያርድላት አንድ ሙስሊም ባለሱቅ አስጠርተዋል። እኔም ተከተልኳቸው።

ልጇን በነጠላ ጠቅልላ እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ውሃው ወደ ሸክላ ድስት ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ገለቶማ፣ ጋሼ» አለች፤ አመስግናለሁ ማለቷ ነው። «በጉን ተቀብያለሁ። ግን የት ልቀቅለው? እዚህ ቤት እሳት ከጠፋ ሰነበተ።»

አጎቴ ከባርኔጣቸው ላይ ውሃ እየወረደ ወደ እኔ ዞሩ።

«መጽሐፉ ከዚህ በኋላ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ሥጋው ሲደርስ ያልቃል።»

ከዚያ ገመዱን ለእኔ ሰጥተው የመንገድ ዳሩን ክፍል ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ስለ ንስሐቸው ብዙ አልመሰክርም፤ ዋጋ ሲከራከሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያው ነበሩ። ያን ቀን ግን ጆንያዎቹን ከሠራተኞቹ ጋር ተሸክመው አወጡ። መጋዘኑ ሞልቷልና ቡናው ግቢ ውስጥ ተቆለለ፤ ሲጠብቁለት የኖሩት ቡና ሁሉ እያዩት ራሰ።

ሴትዮዋ ልጇን እንዳቀፈች ገብታ ባዶውን ግድግዳ ተመለከተች።

«ጋሼ፣ የክርና የቅመም መደርደሪያዬስ?»

«እሱንም አመጣለሁ» አሉና በዝናቡ ወጡ።