እናትየዋ ዞር ብላ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ከሂርና ወደ ጭሮ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስለ ባርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ታነብ ነበር። መኪናው ጠመዝማዛውን መንገድ ሲወጣ እኛ እየተንገላታን እሷ ቀና አላለችም። ድንገት መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ደፍታ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ምኑ ጋ ደርሳ ይሆን? መጠየቅ አፈርኩ።

እኔንም በእሷ ዕድሜ፣ ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞኝ ነበር። አስተማሪያችን ያዋሱኝ፣ ከሩቅ አገር ቋንቋ የተተረጎመ ልብ ወለድ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ማሽላ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር። ጥንቅሼን እያኘክሁ በጎረቤታችን በአዴ መርየም ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። እናት ለማለት አዴ የምንላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ዘመድ ሲጠይቃቸው አይቼ አላውቅም፤ ለምን ብዬም አስቤ አላውቅም።

«ምን አስለቀሰሽ?» አሉኝ ማሽላቸውን እያበጠሩ።

«መጽሐፉ ነው። እናትና ልጅ ገበያ ላይ ለየብቻ ተሸጡ።»

ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። «እስቲ ድምፅሽን አሰሚ።»

አነበብኩላቸው። ገዢው ትንሿን ልጅ ጎትቶ ሲወስዳት፣ እናትየዋን ከሌሎቹ ጋር አስረው ሲነዷት።

«ቆይ» አሉኝ። «እናትየዋ ዞር ብላ አየቻት?»

ገጹን መልሼ ፈለግሁ። «አላየቻትም። ቀጥ ብላ ሄደች ነው የሚለው።»

ሰፌዳቸው ላይ የቀረውን ማሽላ በእጃቸው ሰበሰቡ። ከዚያ በቀስታ፣ «የኔም አልዞረችም» አሉ።

ያን ቀን ነገሩኝ። በልጅነታቸው ባሪያ ፈንጋዮች ከአገራችን ምዕራብ በኩል ከእናታቸው ጋር አፍነው አመጧቸው። መንገድ ላይ እናታቸውን ለሌላ ሰው ሸጧት። እሳቸው ታመው እዚህ ሲደርሱ፣ አንድ የከተማው ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ አስቀራቸው። ነጻ ከወጡም በኋላ መሄጃ አልነበራቸውም።

«መጽሐፉ ለምን እንዳልዞረች ይናገራል? ወደ ፊት ፈልጊልኝ።»

ገጽ መዝለል አልወድም ነበር፤ ያን ቀን ግን እየዘለልኩ ወደ ፊት ገለጥኩ። ከመጨረሻው አካባቢ አገኘሁት። እናትየዋ አርጅታ ለጓደኛዋ ትናገራለች፦ ብዞር ልጄ ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ይገርፏታል።

«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«የጻፈው ሰው አይቶ ነው?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አይ አዴ፤ ልብ ወለድ ነው፤ ከራሱ ፈጥሮት ነው።»

አሰብ አደረጉና፣ «ይሁን» አሉ። «እሱ ይህን ካሰበ፣ እሷም አስባው ይሆናል።» ሰፌዳቸውንም አነሱ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዬ አላልቅ አለ። አገሩ የት ነው? ቋንቋው ምን ነበር? እሳቸው የሚያስታውሱት በልጅነት ቤታቸው ደጅ ላይ የነበረ አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ ፍሬው ቀይ፣ ሲላጥ ውስጡ ነጭ፣ ምላስ የሚያኮማትር። ስሙ ጠፍቶባቸዋል።

አዴ መርየም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው። ልብ ወለድ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ሲገጥመኝ አልከራከርም፤ ያን ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን አይቻለሁና። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ከምዕራብ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለዚያ ፍሬ እጠይቃለሁ፤ ስሙ ከታወቀ አገራቸውም ይታወቅ ይሆናል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ለማስታወስ ይሞክራል። እስካሁን ስሙን የነገረኝ የለም።