ጋሼ ታደሰ የመለሱልኝ ጥያቄ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ የመጀመሪያ ድምፄን ልሰጥ ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከሂሊያርድ ተነሣሁ። ምርጫው ፓርቲዎች የፕሬዚዳንትነት ዕጩአቸውን የሚለዩበት ነው፤ በምደግፈው ፓርቲ ከሚፎካከሩት ሁለት ሰዎች ሴትየዋን ለመምረጥ ከወሰንኩ ሰንብቻለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል

መኪና ስለሌለኝ የወሰዱኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ናቸው። አፐር አርሊንግተን ላይ አዛውንት ሲንከባከቡ ያደሩትን እትዬ አስቴርን ጫንን። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል። ቱ ሰቨንቲ አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ ክርክሩ ተጀመረ።

«ሰውየው ያሸንፋል፤ ብር አለው» አሉ ጋሼ።

«ዜና ቼክ አያደርጉም እንዴ? ሴትየዋ እኮ በድምፅ ደርሳበታለች» አሉ እትዬ አስቴር።

«ደረሰችበት፣ ግን ደክሟታል።»

«የደከመው እርስዎን ነው፤ መስመርዎን ይያዙ!»

እኔ ከኋላ ሆኜ ዝም አልኩ።

አራት ሰዓት

ምርጫ ጣቢያው ስንደርስ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛዋ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት፣ ሊተረጉሙልኝ አጠገቤ የቆሙት ጋሼ መለሱላት። ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች እንደምንም አነበብኩት። ስለ ትምህርት ቤት ታክስ ይጠይቃል፤ ሌላ የለውም።

«ጋሼ፣ የዕጩዎቹ ስም የለም።»

«ፓርቲ የሌለበትን ስጪያት አልኳት። ዓይን አፋር ነሽ፤ ነገ ቸርች ውስጥ የእነ እገሌ ወገን እንዳይሉሽ ብዬ ነው።»

«እርስዎስ የቱን ወሰዱ?»

«እኔማ የፓርቲውን ነዋ!»

ምናለ ቢጠይቁኝ! ወረቀቱ አንዴ ድምፅ ቆጣሪው ማሽን ውስጥ ከገባ አይመለስም። ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የፓርቲውን ስም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰልፈኛው ዞሮ አየኝ። ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ወረቀት ሰርዛ ሌላ ሰጠችኝ። ከሴትየዋ ስም ፊት ያለውን ክብ ወረቀቱ እስኪበሳ አጠቆርኩት።

ወደ ቤት

እትዬ አስቴር መንገድ ላይ ወረዱ። ከዚያ በኋላ በመኪናው ውስጥ ማን ያሸንፋል የሚል ክርክር አልተነሣም። ከጉዞው የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ዝምታዬን ሰው እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። የእኔም ጥፋት አለበት፤ ጋሼ ፎርሜን ሁሉ ሲሞሉልኝ ምን እንደጻፉ ሳልጠይቅ «ተባረኩ» እያልኩ ኖሬአለሁ።

ደጃፌ ላይ ስወርድ መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቆይ እንጂ፣ ለመሆኑ ለማን ሰጠሽ?»