በአመድ የቀዘቀዘው ብረት

«ብየዳ ከቻልሽ ይበቃኛል። የማን ልጅ እንደሆንሽ ግን ለደንበኛ እንዳታወሪ።»

መካነ ሰላም ውስጥ ብረታ ብረት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ አየለ ፊት ለፊት ያሉኝ ይኼንን ነው። ባለቤቱ እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሥራ ፍለጋ ስዞር ነበር የተቀበሉኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። በኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ሥራ ስለሚያስፈልገኝ እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ረዳት ሆኜ ዝገት ስፈገፍግ፣ ቀለም ስቀባ አለቀ። በሁለተኛው ማስክ አጥልቄ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ቱቦላሬ መበየድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ልኬት የሚፈልግ ሥራ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። ደንበኛ «ይቺን ልጅ ማን አስተማራት?» ሲል ጋሼ «እኔ ነኝ» ይላሉ። መዶሻ አያያዝ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ያኔም አላረምኳቸውም።

ሐያት የመጣችው በዚያው በሦስተኛው ዓመት ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠችኝ። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ፣ ሁለት እግር ያለው ብረት ሥላለች፤ ልኩ በሚሊ ተጽፏል።

«ኤሌክትሮማግኔት ነው» አለች። «ሽቦ ይጠመጠምበታል። ባትሪ ሲገናኝ ሚስማር ያነሣል፣ ሲነቀል ይጥላል። ወፍጮ ቤት እህል ውስጥ የሚገባውን ሚስማር ለቅሞ ጣሳ ውስጥ እንዲጥል ነው የምፈልገው።»

የትምህርት ቤታቸው የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን አሥር ቀን ቀርቶታል። እዚያ የተመረጠ ደሴ ሄዶ ይወዳደራል።

«ሌላ ቦታ ጠይቀሻል?»

«ያልጠየቅኩት የለም። ሱቆቹ ያላቸው ቀጭን ፌሮ ነው። ሽቦውን የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥመው ሰውዬ ሰጥቶኛል። ብረቱን የሚሠራልኝ ግን አጣሁ። አንዱማ ‹ምን አለፋሽ፣ ባል አግቢ› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹ሚስማር የሚያነሣ ከሆነ አምጣው› አልኩት።»

ያን ጊዜ ነው የወደድኳት።

ጋሼ አየለ ሥዕሉን አይተው «ለተማሪማ ደህና ብረት ነው የሚሰጠው» አሉና የጭነት መኪና ባሌስትራ አወጡ። እኛ ዘንድ ደህና ብረት ማለት ጠንካራ ብረት ነው። እኔም አልተከራከርኩም። ለማንጠልጠያው ቡሎን ቀዳዳ ልብሳበት ብዬ ሁለት የትራፓኖ ፑንታ ሰበርኩ። በጋዝ አግለን አጠፍነው፤ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከርነው።

ሐያት ሽቦውን ጠምጥማ በሞተር ብስክሌት ባትሪ ሞከረችው። ሚስማሮቹ ዘለው ተጣበቁ። ሽቦውን ከባትሪው ነቀለችው። አልወረዱም። ብናንኳኳውም አልወረዱም።

«ይኸው አነሣልሽ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ጋሼ።

«መልቀቅ አለበት፣ ጋሼ። የማይለቅ ማግኔትማ ከተበላሸ ቴፕ ውስጥም ይወጣል።» እንባዋ መጥቷል።

«እንግዲህ እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ» ብለው ወደ ጀመሩት የበር ብየዳ ተመለሱ።

«አብሽሪ» አልኳት፤ «እኔ አመጣልሻለሁ።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅኩ። ባሌስትራውንና በካርቶን የቆረጥኩትን ቅርጽ ይዤ ሦስት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ አባቴ ቤት ገባሁ። አባቴ ብረቱን በሞረድ ጫር ጫር አደረገው።

«ማነው ያጠነከረው?»

«እኛ።»

«ማጭድ ልትሠሩበት ነው?»

«ማግኔት ነው አባዬ። ይዞ እንዲለቅ።»

«ታዲያ ይኼ መቼ ይለቃል? ሞረዴን አታዪውም፣ ብናኙ ተጣብቆበት የሚኖረው? ለስላሳ ብረት ላይ እንዲያ አይጣበቅም።»

እኔ ፊዚክስ ተምሬያለሁ። እሱ ፊደል አልቆጠረም። ነገሩን ግን እሱ ነው ያወቀው።

ከአሮጌ መጋዘን በር የወጣ ወፍራም መቀርቀሪያ አመጣ። እኔ ወናፉን ያዝኩ፣ እሱ ጉጠቱን። ከካርቶኑ ጋር እያስተያየ አጠፈው። ከዚያ እንደገና አቅልቶ አመድ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው።

«ነገ እስከ ምሳ እንዳትነኪው። በራሱ ጊዜ ይብረድ።»

እዚያው ሳለን አንድ እኩያዬ የሆነ የሰፈራችን ሰው ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ መጣ። ፀሐዩ ያነድዳል። «ውሃ ልስጥህ?» አልኩት። «ጠጥቻለሁ» አለ፣ ከንፈሩ ደርቆ እንደተሰነጠቀ። ማረሻውን ለእሳታችን ያምናል፣ ውሃችንን አያምንም። እንዲህ ያለው ሰው ስንት ጊዜ በራችን ላይ ቆሞ ሄዷል!

ከአመዱ የወጣውን ብረት ይዤ ተመለስኩ። ፑንታው ሳይንገጫገጭ በሳው። ሞርሳ ላይ አስሬ ሁለቱን እግሮች እኩል እስኪሆኑ ሞረድኳቸው። ሽቦው እንዳይንሸራተት ከላሜራ አራት ክብ ቆርጬ ሰካሁበት። ሐያት ወረቀት ጠቅልላበት ሽቦውን ጠመጠመች። ባትሪው ሲገናኝ አነሣ። ሲነቀል ሚስማሮቹ ጣሳው ውስጥ ረገፉ። አንድ ሁለቱ ደቃቆች ቀርተው ነበር፤ ነካ ስታደርገው እነሱም ወረዱ።

«ወላሂ ለቀቀ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማን እንደሠራው ነገርኳት፤ ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፈች፦ «የብረቱ ሥራ፦ ባለ እጅ ተሰማ»። ተሰማ አባቴ ነው።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጠረጴዛዋን ሰው ከቦታል። ካርቶኑን አየሁት። በአባቴ ስም ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፦ «አየለ ብረታ ብረት»።

«ጋሼ ናቸው» አለች ሐያት በሹክሹክታ። «ካልተለጠፈ ብረቱን እወስደዋለሁ አሉኝ።»

መነጽር ያደረጉ ዳኛ መጥተው ማግኔቱን ሦስት ጊዜ አስነሡት፣ ሦስት ጊዜ አስጣሉት።

«ብረቱ በደንብ ለስልሷል። ማን ሠራው?»

«እኛው ነን» አሉ ጠረጴዛው አጠገብ የቆሙት ጋሼ አየለ፤ «በራሳችን ዘዴ።»

«ምን ዓይነት ዘዴ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው… ሙቀት ነው። በሙቀት ነው።»

«አመድ ውስጥ ቀብሮ ነው ያለሰለሰው» አልኩ። «አባቴ ነው። ቀጥቃጭ ነው።»

አንዲት እናት ሚስማሮቹን የምትነካካ ልጇን እጅ መንጭቃ አነሣች። ጋሼ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ለልጅቷ ብዬ ነው እኮ! ቡዳ የነካው ነው ከተባለ ማን ይቀርበዋል?»

«እርስዎ ትናንት ሲነካኩት ዋሉ። አመመዎት?»

«አፍሽን ያዢ! ሰኞ እናወራለን።»

«ሰኞ አይደለም። ስሙን አሁን ይመልሱ።»

«አልመልስም።»

ዞር ስል ሐያት የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሯ እየላጠች ነው። የአባቴ ስም ከወረቀቱ ጋር አብሮ ተቀደደ። ካርቶኑን ገለበጠችውና በጀርባው ስሙን እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች። ዳኛው ቆመው ያነባሉ።

የሥራ ካፖርቴን አወለቅኩ። የብረታ ብረት ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቼ ጋሼ አየለ እጅ ላይ አስቀመጥኩና በትልቁ በር ወጣሁ።