ዱላ ትቀበላለች

በየዓመቱ በረዶው ሲያበቃ ካልጋሪ ውስጥ ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ አንድ ጎማ ቤት ሄጄ የክረምት ጎማዬን አስቀይራለሁ፤ ወረፋ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ከውስጥ የሚመጣው የጋለ ጎማ ሽታ ከሃያ ዓመት በፊት ወደነበረው የትምህርት ቤት መሮጫ ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል። ቀዩ የጎማ መም በጁን ፀሐይ ሲግል ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ የሚል ትዝታ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን እናደዳለሁ። የመኪናዬን ቁልፍ ለሠራተኛው ሰጥቼ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እርር ድብን እላለሁ።

እህቴ ሰሚራ አጭር ርቀት ሯጭ ነበረች፤ መቶ ሜትር፣ ሁለት መቶ ሜትር፣ ከሁሉም አብልጣ ደግሞ አራት ልጆች እየተቀባበሉ የሚሮጡትን ትወድ ነበር። እኔና እሷ የተወለድነው ሆላንድ ነው። አባዬና እማዬ ከደሴ ወጥተው እዚያ ዘጠኝ ዓመት ኖረው ወደ ካልጋሪ ሲሻገሩ እሷ ስምንት፣ እኔ ሦስት ዓመታችን ነበር። ኮራል ስፕሪንግስ ቤት ተከራይተን፣ አባዬ ታክሲ እየነዳ፣ እማዬ አረጋውያን መጦሪያ እየሠራች እንኖር ነበር። አባዬ ተሳፋሪ የሚያደርስበት እንግሊዝኛ ነበረው፤ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን እንግሊዝኛ ግን አያምነውምና ስልክ ሲደወል «ነይ እስቲ፣ ምን እንደሚሉ ስሚልኝ» ብሎ እኔን ይጠራኝ ነበር። ሰሚራ ልምምድ ስለምትቆይ የቤቱ አፍና ጆሮ እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ፣ ነበርኩ። አማርኛዬ ደግሞ ጥርሱን እንደሚቀይር ልጅ አፍ እዚህም እዚያም ክፍት ነበር።

ክረምቱ አይገፋም ነበር። አልፎ አልፎ ከተራሮቹ በኩል ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በአንድ ቀን በረዶውን ሲያቀልጠው፣ ሰሚራ ጫማዋን አጥብቃ አስራ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የጋራዥ መንገድ ትወጣና ከኛ አጥር እስከ መንገዱ ጫፍ ትወነጨፍ ነበር። ሌላ ጊዜ አንገቷን ደፋ የምታደርግ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ስትሮጥ ግን ቀና ትላለች፣ ትሰፋለች፣ ከቆመች በኋላ ደግሞ ያለ ምክንያት ትስቃለች። እኔ ሰዓት እይዝላት ነበር። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም ከሷ ፊት አይቼ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑን እለይ ነበር።

በዚያ ክረምት ነው ጋሼ ሙሄ ነገራችን ውስጥ የገቡት። ጋሼ ሙሄ የአባዬ የአገሩ ሰውና ታላቁ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ለጦር ሠራዊት ሮጠዋል ስለሚባል፣ በሩጫ ጉዳይ እሳቸው ከተናገሩ ሌላው አፉን ይዘጋል። አንድ ቀን ሰሚራ መንገዱ ላይ ስትሮጥ በመስኮት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰይድ፣ ይቺ ልጅ ሳንባዋ የአምባሰል ነው። ምን ሆና ነው መቶ ሜትር ላይ የምታባክነው?»

«እሷ እሱን ነው የምትወደው፣ ጋሼ» አለ አባዬ።

«መውደድ! አጭር ሩጫ የሌባ ሩጫ ነው፤ እኛ አናውቅበትም። የኛ ረጅሙ ነው። አሥር ሺ ብትሮጥ ነገ ስሟን ዓለም ይጠራዋል።»

ሰሚራ ከውጭ ስትገባ ጠርተው ይህንኑ ነገሯት። እሷም መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሼ፣ ሎንግ ሲሆን ቦር ያደርገኛል» አለቻቸው። ሳቁ፤ አባዬም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቤታችን በመጡ ቁጥር ነገሩን ያነሱት ነበር፣ ልጅቷ ቅዳሜ ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠች እያሉ፣ እንደ ባለዕዳ እየጠየቁ። አሁን ሳስበው ደሜ የሚፈላው በዚህ ነው፤ የሷ እግር የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ስፕሪንግ መጣ፣ ሜይ ላይ ደግሞ እንደ ልማዱ አንድ ጊዜ በረዶ ጥሎ ሄደ፣ ሜዳውም ተከፈተ። የሰሚራ ትምህርት ቤት አራት ፈጣን ልጆች አገኘ፤ ሊንዳ የምትባለው አሠልጣኛቸውም ሰሚራን መጨረሻ ላይ፣ አራተኛ ሯጭ አድርጋ አሰለፈቻት። ችግሯ መቀበሉ ላይ ነበር። ከኋላ የምትመጣውን ልጅ ዞር ብሎ ማየት አይቻልም፤ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ እየሮጡ፣ ይደርሰኛል ብሎ ማመን ነው። ሰሚራ ማመኑ አቃታት። ስለዚህ ቤት ውስጥ በኮሪደሩ የእማዬን ማማሰያ ይዤ ከኋላዋ እየሮጥኩ «አሁን!» ስላት እጇን ትዘረጋለች፣ ማማሰያውን እሰጣታለሁ፣ እማዬም «ወላሂ ይህን ግድግዳ ብታፈርሱት!» እያለች ትጮህብን ነበር። በዚያ ወር እኔም የቡድኑ አባል የሆንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

የከተማው ትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ቅዳሜ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። አባዬ ሰምቶ ወደ እኔ አቀበለኝ። ኮች ሊንዳ ነበረች። ሰሚራ ዛሬ የሚቀባበሉትን ብረት ሁለት ጊዜ ስለጣለች ዘግይታ እንደምትቀር፣ ደጋግማ መቀበል እንደምትለማመድ፣ አባታችን እንዳያስብ ነገረችኝ። እኔ ያንን ብረት በአማርኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር። ረዘም ላለ ነገር ሁሉ የማውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለአባዬ አስተረጎምኩለት፤

«ሰሚራ ስለተሳሳተች ትቆያለች አለች። ዱላ ትቀበላለች።»

«ምን ትቀበላለች?»

«ዱላ። ብዙ ጊዜ። እስክትለምድ።»

የአባዬ ፊት ሲለወጥ አየሁ። እሱ በልጅነቱ ደሴ በመምህር ዱላ ጣቱ የተሰበረ ሰው ነው፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት እስካሁን አትታጠፍም። ቁልፉን አንስቶ፣ እኔን እጄን ይዞ ወጣ። መኪናውን ሜዳው ዳር እንዳቆመ በሩን እንኳን ሳይዘጋ ሮጠ። ሰሚራ ጀርባዋን ሰጥታ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ኮች ሊንዳ የሚያብረቀርቅ ብረት ይዛ መዳፏ ላይ ጠፍ! ታደርጋለች። አባዬ ያየው ይህንን ነው። «ዩ ሂት ማይ ዶተር!» እያለ፣ ድምፁ እየተሰባበረ፣ ሰሚራን በክንዷ ጎትቶ ከሜዳው አወጣት። ልጆቹ በሙሉ ቆመው ያያሉ። ሰሚራ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ፣ በሆላንድኛም ሳይቀር እየቀላቀለች «አባዬ፣ ስቶፕ! ዱላ አይደለም! ማለት፣ ዱላ ነው፣ ግን ዱላ አይደለም!» ትል ነበር። እኔ መኪናው አጠገብ ደርቄ ቀረሁ።

እስከዚህ ድረስ በአባዬ አልፈርድም። ልጁ የተመታች የመሰለው አባት እንዲህ ቢሆን ደግ አደረገ። ቁጣዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጋሼ ሙሄ ቤታችን መጡ። ሰሚራ ዓይኗ አብጦ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባዬ ነገሩን ሁሉ ተርኮላቸው፣ «ልጅቷ የሩጫ ዕቃ ነው ትለኛለች። እርስዎ ያውቁታል፣ በሩጫ ዱላ የሚባል ነገር አለ እንዴ?» አላቸው። ይህን ሲጠይቅ ልቡ ሊመለስ ትንሽ እንደቀረው ልጅ ሆኜም ይታወቀኝ ነበር። አለ የሚል አንድ ቃል ይበቃዋል። ጋሼ ሙሄ ሻያቸውን ፉት አሉ፣ ሰሚራን አዩ፣ ከዚያ አባዬን አዩ።

«እኔ በሮጥኩበት ዘመን ሰው በእግሩ ነው የሚሮጠው» አሉ። «ፈረንጅ የማያመጣው የለም። ይቅርባት፣ ሰይድ። ቅዳሜ ጠዋት እኔ እራሴ አሠራታለሁ።»

ሰሚራ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም በቀስታ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ፍጻሜው ሊጀመር ባለበት ሰዓት እህቴ በኮራል ስፕሪንግስ ሐይቅ ዙሪያ ባለው መንገድ ትሮጥ ነበር። ጋሼ ሙሄ ሰዓት ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ባለፈች ቁጥር «አይዞሽ፣ ትንፋሽሽን ሰብሰብ!» ይሏታል። ስንት ዙር እንደሮጠች አላውቅም። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ሰኞ ከትምህርት ቤቱ ሰው ተገኝቶ፣ በስልክ አስተርጓሚ፣ ውድድሩ በአማርኛ የዱላ ቅብብል እንደሚባል፣ ብረቷም ዱላ እንደምትባል ለአባዬ ተነገረው። ትርጉሜ ትክክል ነበር! ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ ቃሉ ትክክል ነበር። አባዬ «እንግዲህ አልፏል» አለ። ኮች ሊንዳን ይቅርታ እንዲጠይቅ እማዬ ለመነችው፤ አፈረ፣ ማፈሩንም በኩራት ሸፍኖ ሳይሄድ ቀረ።

ፎል ሲመጣ በአባዬና በጋሼ ሙሄ ምክር ሰሚራ ረጅም ርቀት ጀመረች፤ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ የቅልጥሟ አጥንት ታምሞ አንድ ወር በክራንች ሄደች። ነገሩ ግን በኮሚዩኒቲው ውስጥ ቀልድ ሆኖ ቀረ። በየኢዱ፣ በየሰርጉ «ሰይድ ዱላውን ያስጣለው» እየተባለ ይወራል፣ ሰው እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እኔም አብሬ የሳቅኩባቸው ጊዜያት አሉ። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሰሚራ የሆላንድ ፓስፖርቷን ይዛ ወደ አክስታችን ሄደች። እዚያ ክለብ ገባች፣ ቀን ሱቅ እየሠራች ማታ ማታ ተለማመደች፣ ከዓመታት በኋላም ብርቱካናማውን መለያ ለብሳ በሆላንድ የዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ ሮጠች። ኮከብ አልሆነችም። አንድ ጊዜ በማጣሪያው ሮጣ በፍጻሜው ተቀየረች፤ ሌላ ጊዜ ፍጻሜ ሮጣ አምስተኛ ወጡ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ቋንጃዋ ተበጥሶ አቆመች። በቴሌቪዥን የታየች ቀን ኢንተርናሽናል አቬኑ ያለው ሬስቶራንት ውስጥ ሰው ሁሉ ተነስቶ «የኛ ልጅ! የኛ ልጅ!» ይል ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት ጋሼ ሙሄ ነበሩ።

እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ጋሼ ሙሄን ልጃቸው ከካልጋሪ አጠገብ ባለችው ቸስተርሚር አዲስ ቤት ገዝቶ ወስዷቸው ነበር፤ አንድ ቀን የድሮ ፎቶዎቻቸውን ኮምፒውተር ላይ እንዳስገባላቸው ጠሩኝ። ከፎቶዎቹ መሐል አንዱ ላይ ቁምጣ የለበሱ ቀጭን ወጣት እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው ያለው ወታደር አጭር እንጨት ያቀብላቸዋል። ጀርባው ላይ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ «ዱላ ቅብብል፣ አራተኛው ሯጭ እኔ» ይላል።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት። «አውቅ ነበር። ለጥቅሟ ብዬ ነው፣ ልጄ። ያለፈ ነገር ነው።»

ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ሰው እንደዚህ ያለ ዝምታ ገጥሞት አያውቅም። ታላቅ ናቸውና አልተሳደብኩም፤ ሻይ አስመጡልኝ፣ ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወደ ቤቴ እየነዳሁ ጮህኩ። ለሰሚራ በስልክ የሚነገር መስሎ አልታየኝምና አሥር ዓመት ያህል በሆዴ ያዝኩት።

ባለፈው በጋ ሰሚራ ልትጠይቀን መጣች። ጋሼ ሙሄ ጋ አብረን ሄደን፣ እሷ ትከሻቸውን ስማ፣ እሳቸውም ያንኑ የዱላ ቀልድ ለልጅ ልጆቻቸው አውርተው፣ አባዬም እንደ ወትሮው ስቆ፣ እሱ እዚያው ስለቀረ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆንን። ያኔ ስለ ፎቶው ነገርኳት። የምትጮህ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። በዘገየው አማርኛዋ፣

«ገምቼ ነበር» አለች። «ሲያሠሩኝ የእጄን አያያዝ አስተካክለውልኛል። የስፕሪንተር አያያዝ ነው፣ የአጭር ርቀት ሯጭ።»

«አትናደጂም?»

«አንቺ ስለነሱ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ስለነማን?»

«ስለ ሦስቱ። ፕሪያ፣ ኬትሊን፣ ጃስሚን። ተጠባባቂ አልነበረንም። እኔ ስቀር ለመነሻው ተጠርተው ሦስት ሆነው ቆሙ፣ ከዚያ ውጡ ተባሉ። ፕሪያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ የመጨረሻ ውድድሯ ነበር፣ አባቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ሊያያት መጥቶ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ሮጥኩ፣ ሲስ። እሷ አልሮጠችም። ሆላንድ ሆኜ ጻፍኩላት፤ አልመለሰችልኝም።»

መኪናውን ዳር አቁሜ ነበር። እሷ ውጭ ውጭ ታያለች። እኔ በጋሼ ሙሄ፣ በአባዬ፣ በሚስቀው ሰው ሁሉ ሃያ ዓመት ስናደድ ኖሬ፣ አንድም ቀን እነዚያ ልጆች ወዴት ገቡ ብዬ አላውቅም፤ ስማቸውን ራሱ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቁጣዬ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ግን ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ፤ ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ያን ሁሉ ዘመን አለመጠየቄን ምን ብዬ እንደማሳብብ አላውቅም።