የገብርኤል ዕለት የተቀበረ ደን

ኑርሑሴን የደን ሠራተኛ ለመሆን ለምን እንደ ፈለገ አባቱ ሙሔ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር ለራሱም በቅጡ አልገባውም። ወረታ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው ልጅ ነው፤ ሜትር ይዞ አቡጀዲ እየለካ ቢኖር ማን ይቆጣው ነበር? አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ግን ወንዶ ገነት ሄጄ የደን ትምህርት ካልተማርሁ ብሎ ድርቅ አለ። «ዛፍ እኮ ራሱ ይበቅላል፤ ምኑን ነው የምትማረው?» አሉት አባቱ። መልስ ማጣት ከዚያ ቀን ወዲህ አብሮት የሚኖር ነገር ሆነ።

ተመርቆ ባሕር ዳር ሲመደብ ግራ መጋባቱ ባሰበት። በጥቅጥቅ ጫካ መሐል የሚንጎራደድ መስሎት ነበር፤ የተሰጠው ግን ከሰባታሚት ወዲያ ያለ፣ ፍየል እንኳን ጥላ የማታገኝበት ራቁት ኮረብታ ነው። እሱ የደን ባለሙያ፣ ደኑ ግን የለም። ቅጥሩም የሙከራ ነበር፤ ኮረብታው ዛፍ ሲለብስ ቋሚ ትሆናለህ ተባለ። ጉዳዩ የደሞዝ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ሽማግሌ የላከባት ሀቢባ አለች። ባሕር ዳር ገበያ ቅመም የሚነግዱት አባቷ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብለው፣ «ልጁ ጨዋ ነው። ግን ነገ ይባረር አይባረር ለማይታወቅ ሰው ልጄን አልሰጥም። ቋሚ ይሁንና ኒካሁን እናስራለን» ብለው መልሰዋቸዋል። ኑርሑሴን ሀቢባን ይወዳታል። በዓለም ላይ ግራ ያላጋባው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ካከበረ በኋላ በመጣው ክረምት የተከላ ዘመቻ ታወጀ። የዘመቻው ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው ቀኑን ቆረጠ፤ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ። ኑርሑሴን እስላም ቢሆንም ወረታ ተወልዶ አድጎ ይህን ቀን አላውቅም ሊል አይችልም።

«ጓድ፣ ያ ቀን እኮ ገብርኤል ነው» አለው።

«በዓል የአድኃሪ ነገር ነው። ችግኙ ተጭኖ ይመጣል፤ ይተከላል» አለ ጓድ አንዳርጋቸው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

በገበሬዎቹ ዘንድ ግን አላለቀም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢያዝን ነገሩን በትዕግሥት አስረዳው። በታቦት ቀን አንድ ሰው መሬት ከቆፈረ፣ በረዶው የሚወርደው በዚያ ሰው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ ላይ ነው። «ጉድጓዱን ቀደም ብለን እንቆፍርልሃለን። በዕለቱ ግን አፈር አንነካም። ዳጉሳችንን በረዶ ቢያረግፈው ጓድህ ያበላናል?» አለው። ኑርሑሴን ይህንንም ያንንም አየ፤ ሁሉም ልክ ሆነበት። ቢጨንቀው ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ አባ ገብረ መስቀል ሄደ። ችግሩን ሁሉ ነገራቸው።

«ልጄ» አሉት፣ «ሞት ቀን መርጦ አይመጣም። ሰው በገብርኤል ቢሞት በገብርኤል ይቀበራል፤ በፋሲካ ቢሞት በፋሲካ ይቀበራል። በዓል መቅበርን አይከለክልም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ካደረ፣ አፈሩን እንደ ቀብር ይመልሱበት።»

ኑርሑሴን በደስታ ሊበር ደረሰ። ሽማግሌው ዘዴ ሰጡኝ ብሎ ምርቃታቸውን ተቀብሎ ወጣ። «እንደ ቀብር» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ መጠየቅ አልመጣለትም። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት የአባን ቃል እንዳለ ለቢያዝን ነግሮ፣ ችግኞቹንም አስረክቦ፣ የጓድ አንዳርጋቸውን ላንድሮቨር መንገድ ሊመራ ወደ ከተማ ተመለሰ።

ሲመለሱ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ኮረብታው ግርጌ ተቀምጧል። ኮረብታው ላይ አንዲት ቅጠል አትታይም። ከላይ እስከ ታች ትናንሽ የአፈር ቁልል ብቻ ተደርድሯል፤ በሽታ የገባበት አገር መቃብር ይመስላል።

«ችግኙ የት አለ?» አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

ቢያዝን ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «ቀብረነዋል» አለ።

አልዋሸም። ከነፕላስቲኩ፣ ከነቅጠሉ በጎኑ አስተኝተው አፈር አልብሰውታል። ቀጥ ብሎ ቢቆም ተከላ ይሆናላ! ተከላ ደግሞ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ በረዶ ያመጣል። ኑርሑሴን የቢያዝንን ፊት አጥብቆ አየ፤ ፌዝ ነው ወይስ የምር? ምንም ሊያነብበት አልቻለም።

የጓድ አንዳርጋቸው ፊት ግን በደንብ ይነበብ ነበር። «አሻጥር!» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከወጣች ማታውኑ የሚታሰር ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ባለ ስምንት ልጅ የሆነው ቢያዝን ነበር። የኑርሑሴን አፍ ከራሱ ቀደመ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኋቸው ጓድ። አዲስ ዘዴ ነው። ችግኙ መጀመሪያ ተኝቶ አፈሩን ይላመዳል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይወጣል።»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማው አፈረ። ጓድ አንዳርጋቸው ግን ሕዝብ ፊት የማያውቀው ሳይንስ አለ መባልን የሚወድ ሰው አልነበረም። ራሱን በዝግታ ነቀነቀ። «አዎ፣ ሰምቼዋለሁ» አለ።

ኑርሑሴን ያን ቀን እንዴት አድርጎ ቤቱ እንደ ገባ አያውቀውም። በማግሥቱ ችግኞቹን ከሞት ለማትረፍ ሲሮጥ ቢሄድ፣ ገበሬዎቹ ዶማቸውን ይዘው ኮረብታው ላይ ናቸው። የተኛውን እያነሡ፣ ፕላስቲኩን እየገፈፉ፣ እንደ ወጉ ቀጥ አድርገው ይተክላሉ።

«እንዲህ ልታደርጉ ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«መች ጠየቅኸን?» አለ ቢያዝን። «በዓሉ ትናንት ነበር፤ ዛሬ እኮ ሃያ ነው።» ቀጥሎም እየሳቀ፣ «ደግሞ በራሱ ጊዜ ይወጣል ያልኸው አንተ ነህ» አለው።

በመስከረም ኮረብታው አረንጓዴ ለበሰ። ጓድ አንዳርጋቸው እንግዳ ባመጣ ቁጥር ወደዚያ ይወስዳል፤ «ዘዴው»ን እያስረዳም የኑርሑሴንን ትከሻ ይመታል። ኑርሑሴን እውነቱን ሊናገር ስንት ጊዜ ቢሮው ደጃፍ ድረስ ሄዷል! እውነቱን ከተናገረ ቢያዝን ይታሰራል። ዝም ካለ ደግሞ ውሸቱ ከኮረብታው ጋር አብሮ ያድጋል። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ቆሞ ይመለሳል። ሀቢባም ዜናውን ሰምታ የጎጆ ዕቃዋን ማሰናዳት ጀምራለች፤ የቋሚነቱ ደብዳቤ ግን ችግኙ ዓመት ይዙርና ይታይ ተብሎ ገና አልወጣም።

በዓመቱ ክረምት ጓድ አንዳርጋቸው ጠራው። «ዘንድሮ የአውራጃው ችግኝ ሁሉ በዚህ ዘዴ ይቀበራል። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ቀበሌ እንጀምራለን፤ አንተ ታሳያለህ። ያን ስትጨርስ ቋሚ ሆነሃል» አለው።

ኑርሑሴን የአላህ ያለህ ብሎ ቢጮህ በወደደ። ሐይቁ ዳር ደረሱ። ችግኙ በጭነት መኪና መጥቶ ተራግፏል። ቀኑ በዓል አይደለም፤ ማንም ነገ መጥቶ አያነሣውም። ጓድ አንዳርጋቸው ዘዴውን በረዥሙ አብራራ። ባሕር ዛፍ በጓሯቸው ተክለው ያሳደጉ ገበሬዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከመካከላቸው አባ አለበል የሚባሉ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ጓዱን ትተው ኑርሑሴንን ነበር ያዩት።

«ልጄ፣ እንዲህ ይበቅላል?»

ኑርሑሴን የችግኙን ክምር አየ። ቅጠሉ ገና ጤዛ አለበት። በዓይኑ ሀቢባ መጣችበት፤ አባቷም መጡበት፤ ቢያዝንም መጣበት። ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚናገሩት መሰለው፤ የማንኛቸውንም ቃል መለየት አቃተው።

«አይበቅልም» አለ።

«ምን?» አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

«አይበቅልም። የዚያን ኮረብታ በማግሥቱ እኔ አስነሥቼ ደግሜ አስተከልሁት። ገበሬዎቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት፤ እርስዎን የዋሸሁ እኔ ነኝ።»

ይህም ግማሹ ውሸት ነበር። እውነቱን ልናገር ብሎ ሲነሣ እንኳን ውሸት ሳይቀላቅል አልሆነለትም። ጓድ አንዳርጋቸው ፊቱ ቀላ። «ነገ ቢሮ እንዳላይህ!» ብሎ ላንድሮቨሩን አስነሥቶ ሄደ። ገበሬዎቹም ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ዶማቸውን አነሡና ችግኙን ቀጥ አድርገው ይተክሉ ጀመር።

ኑርሑሴን በሐይቁ ዳር በእግሩ ወደ ከተማ ተመለሰ። የበደለ ይሁን የታደገ፣ ጅል ይሁን ደኅና ሰው፣ መንገዱን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ መቁረጥ አቃተው። ወሬው ሳይቀድመው ብሎ በቀጥታ የሀቢባ አባት ሱቅ ሄደ። እሳቸው ኮረሪማ ይመዝናሉ፤ ሀቢባ ከበስተኋላቸው በርበሬ ትለቅማለች።

«እህ ልጄ፣ ቋሚ ሆንህ?» አሉት ፈገግ ብለው።

«አልሆንሁም። ዛሬ ተባረርሁ፤ ነገሩን ያበላሸሁትም እኔው ራሴ ነኝ።»

ሽማግሌው ሚዛኑን እንደ ያዙ ቀሩ። ሀቢባ ቀና ብላ አየችው፤ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ኑርሑሴን ይጠብቃት ወይስ ይሂድ ግራ ገብቶት ደጃፉ ላይ ቆመ፤ እስከ ዛሬ ግራ ያላጋባችው እሷ ብቻ ነበረች።